ግማሽ ተረት

ሙይናክ ላይ መርከቡ አሸዋ ላይ ተኝቷል፣
ግመል እየመጣ ጎኑን ያክበታል፤
ባሕሩ ከሄደ አርባ ዓመት አልፎታል፣
ሰው ግን ያን ሜዳ ዛሬም «ወደብ» ይለዋል።

አያቴ ኦራዝባይ ዓሣ አጥማጅ ነበረ፣
መረቡ ከግድግዳው ተሰቅሎ የቀረ፣
ሁለት ጣቱን ገመድ በልቶበት የኖረ።
«አታ» ነው የምለው፤ እሱም «ቢቢናዝ» ሲለኝ
ስሜ በአፉ ውስጥ ይጣፍጠኝ መሰለኝ።

አርብ አርብ ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲረግብ፣
እጄን ይዞ ይገባል ከዛገው መርከብ።
ውስጡ ባዶ ነበር፤ ጨለማና ዝገት፣
በምስማር ቀዳዳ ፀሐይ የሚገባበት፤
አንድ የተሰበረ የካፒቴን ወንበር፣
ወፍ የቀለሰበት፣ ጎጆዋን በሣር።

ቆቡን ያስተካክልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣
ግራና ቀኙን ዞር ዞር ብሎ ያያል፤
ማንን እንደሚፈራ አላህ ብቻ ያውቃል።

«አንድ ነቢይ ነበር፣ ሂድ ሲሉት የቀረ፣
ከላከው ጌታ ፊት በባሕር የበረረ፤
ማዕበል ተነሣ፣ መርከቡ ታመሰ፣
ዕጣ ተጣለና ከስሙ ደረሰ።
ጣሉት። ዓሣው መጥቶ አፉን ከፍቶ ቆየው፣
እንደ ክቡር እንግዳ ሳያኝክ ተቀበለው።»

ከዚያ መዳፉን ከዝገቱ ላይ ያኖራል፣
«ሆዱ እንዲህ ነበረ፣» ቀስ ብሎ ይላል፣
«እንዲህ ያለ ጨለማ፣ እንዲህ ያለ ሽታ፣
ሰውየው በዚያ ውስጥ ተንበርክኮ ማታ…»

እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም።
ሁልጊዜም እዚህ ላይ። አንድም ቀን ቀጥሎ አያውቅም።

አንድ አርብ ጠየቅሁት፦ «አታ፣ ከዚያስ ወጣ?
ባሕሩ ሲደርቅስ ዓሣው ምኑን ጠጣ?»
ያኔ ስድስት ዓመቴ፣ ባሕር ያላየሁ ልጅ፣
ዓሣ ማለት ለኔ የቆርቆሮው እንጂ
ሌላ መልክ የለውም።

ጺሙን በእጁ ይዞ ብዙ አሰበና፣
ከአሸዋው ላይ ዛጎል አንሥቶ አየና፣
እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«እኔም አንቺን ሳክል፣ ግድግዳ ጆሮ ነበረው፣
ጸሎት የተገኘበት ማታ ነው የሚወስዱት ሰው፤
አያቴ ቢቢሳራ ከዱቄቱ ጓዳ ደብቃ ያወጋችው
ይሄንኑ ነበር። ሰውየው ከሆዱ
ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ በር ተንኳኳ ከመንገዱ፤
ብድግ አለች። ሻሿን ከዱቄት አራግፋ፣
‹ነገ እጨርሰዋለሁ› አለችኝ በከንፈር ጫፏ።

ነገ ለሷ አልመጣም።

ኋላ፣ ጺሜ ሲሸብት፣ አንድ የተማረ አገኘሁ፣
ጨርሶ ነገረኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ።
መጨረሻው መልካም ነው። ግን የሷ ድምፅ የለበትም፤
እስካፌ ይመጣል እንጂ ከዚያ አልፎ አይወጣም።»

ዝም አልን። ነፋሱ ከሜዳው ተነሥቶ፣
እንደ ዱቄት አርጎ ጺሙ ላይ ጨው ዘርቶ፣
በቀዳዳው ሁሉ ያፏጭ ጀመረ፣
መርከቡም ከሆዱ ያቃስት ነበረ።

ያኔ ተረቱን መለስኩለት፦
«አታ፣ እኔ ልጨርሰው?
ባሕሩ ነው እንጂ የሸሸው እንደዚያ ሰው!
የታዘዘው በዝቶ፣ ሂድ ሲሉት ኮብልሎ፣
አሁን ከአንድ ትልቅ ነገር ሆድ ተጠቅልሎ
ይጸልያል። ጨለማ ነው። ጉልበቱን ያመዋል።
ሲበቃው ይተፉታል።»

አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ዳቦም አልነበረው፤
በሦስቱ ጣቶቹ፣ ገመድ በተዋቸው፣
አፌን አበሰልኝ።
«ነገም ንገሪኝ፣» አለ፣ በጀርባው አዝሎኝ
በዛገው መሰላል ቀስ እያለ ሲያወርደኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ከግድግዳው ማዶ
ሲሰግድ ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

ጠዋት ስነሣ መረቡ ከግድግዳው ወርዷል፣
አያቴ ደጃፉ ላይ ቀዳዳ ይደፍናል፤
እናቴ ባልዲዋን ይዛ ቆመችና
«ለየትኛው ውኃ?» አለችው።

ቀና ብሎም አላያት።
«ያንን ክር አቀብዪኝ» ብቻ አላት።