የስህተት ምንጭ

ማክሰኞ ማታ ነው። ከአዘዞ ስመለስ፣
እጄን ከሲሚንቶ ታጥቤ ሳልጨርስ፣
"አባ" አለች ማስተዋል፣ "ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣
አሸዋ፣ ጠጠር፣ ጥጥ፣ ከሰል ጣሳ አንድ፤
አርብ ሳይንስ ቀን ነው፤ ቲቸር አንጓች ፊት
ቀሃን ላጠራ ነው፤ እርዳኝ ዛሬ ሌሊት።"

የኔ ትምህርት ድሮ ስድስት ላይ ቆሟል፤
ሳይንስ ብጠየቅ ምላሴ ይታሰራል።
አሸዋ ግን፣ አሸዋን እኔን ጠይቁኝ፤
በመዳፌ ጨብጬ፣ ጆሮዬ ሥር አሽቼ፣
ጭቃ ያለበትን ከንጹሁ ለይቼ
ከድምፁ እነግራለሁ፣ ዓይኔን ብትሸፍኑኝ።

ረቡዕ ከድልድዩ ሥር ጀሪካን ነከርን፤
ልብስ አጣቢው ሳቀ፣ "ቧንቧው ቢጨክን
ቀሃን ልትጠጡ ነው?" እሷ ግን ዝም ብላ
የጀሪካኑን አፍ በፌስታል ጠቅልላ።

የሻረግ ስለ ከሰሏ ብታጉረመርም፣
ቤቱ በጋለ ቢላዋ ላስቲክ ላስቲክ ቢሸትም፣
ጥጡን ጎሰጎስን፤ ከሰል፣ አሸዋ፣ ጠጠር፤
አፈሰስን። ጠብ። ጠብ። አፋችንን ከፍተን ስንቆጥር
ከገባው የወጣው ጠቁሮ ቁጭ!
"ሙከራ አንድ፦ ጠቆረ። የስህተት ምንጭ፦
ያልታጠበ ከሰል" ብላ ጻፈች፣ ሳትናደድ።

ሐሙስ ሁለተኛው። ከሰሉን በጥድፊያ አንዴ አለቅልቀን፣
የወጣው ውሃ ቀጭን ሻይ መሰለን።
መብራት ጠፋ። ተኛች።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ግድግዳ ቢዛነፍ
ልስን እደርባለሁ፤ ማን አይቶ ሊለፍፍ?
ተነሳሁ ቀስ ብዬ። በስልኬ መብራት
የእሽግ ውሃ፣ ኩባያ ሙሉ፣ ጨመርኩበት።
ሻዩ ሳሳ። ጠራ ማለት ይቻላል።
አባት ለልጁ እንጂ ለማን ይዋሻል?

ንጋት ላይ ጠራችኝ፣ ከጠረጴዛው ጎንበስ ብላ፦
"አባ፣ ያፈሰስኩት እዚች መስመር ድረስ፤
የወጣው ሁለት ጣት አልፎ እዚህ ሲደርስ
ትርፉ ከየት መጣ? አሸዋ ውሃ ይጠጣል
እንጂ መቼ ይወልዳል?"

"ጤዛ ይሆናል" አልኳት።
"ቤት ውስጥ?"
ቤት ውስጥ።

ሃያ ዓመት ውሃ ልክ ተሸክሜ ስዞር
የውሃውን ልክ ረሳሁ፣ ያውም በገዛ ቤቴ።
ስሟን ማስተዋል ያልኩት ራሴ ነኝ፤
ለካ ስም ይጠብቃል፤ አድብቶ ያዘኝ።

ነገርኳት። ደጃፍ ላይ ደፋችው፣ ቃል ሳትወጣት።
ከዚያ ሳፋውን ገፋችልኝ፣ ከሰሉንም። "እጠብ።"
አጠብኩ። ሰባት ውሃ። ጥቁሩ እስኪያልቅ ድረስ።
አለቃዬ ደወለ፤ ስልኬን ዘጋሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። እሳተ ገሞራ ያረፋል በሳሙና፣
የባለሱቁ ልጅ ሮቦት ይጨፍራል፣ ዋጋው ሳይነሳ ገና።
የማስተዋል ብልቃጥ ጥግ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር።
ቲቸር አንጓች ወደ ብርሃን አንስታ፣ "ይጠጣል?"
"አይጠጣም። የጠራ ሁሉ ንጹህ አይደለም፤
የማይታየው ገና እዚያው ነው።"

መምህሯ ደብተሩን ገለጠች። ጮክ ብላ አነበበች፦
"ሙከራ ሁለት፦ ተሰርዟል። የስህተት ምንጭ፦ አባቴ።"
ሳቁ ወደ እኔ ዞረ፤ ላብ ወረደ ከአንገቴ፤
ኖራ የጠጣ ጫማዬን ሳየው ቆየሁ።

ሦስተኛም አልወጣንም። በባጃጅ ስንመለስ
ብልቃጡን ታቅፋ፣ "ከርሞ" አለች፣ "ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤
ጀርሙ ይሞት እንደሆን አያለሁ።
አንተም ትረዳኛለህ፤
ግን እኔ ሳልተኛ።"

ሰኞ፣ አዘዞ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቱንቢ ጣልኩ።
አንድ ጣት ያህል።
"ልስኑ ተቦክቷል!" ይላል አለቃዬ ከታች።
ቱንቢው ይወዛወዛል፤
ገና አልቆመም።