ሁለት ብቻ

ማክሰኞ፣ ዐሥር ሰዓት፣ ማናማ ስትጋይ፣
ከትራፊክ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ዐሥራ አራት ወንበር፣ ዐሥራ አራት ሰው፣
አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ ኤሲ የሚያስነጥሰው።
መንጃ ፈቃዳችን ታች ተቆልፎበታል፤
እኛን ሲያመላልስ ሊፍቱም ታዝቦናል።

ኡስታዝ ጃሲም ገባ፣ ጡረተኛ ፖሊስ፣
ድምፁ የሐር ጨርቅ፣ ዐይኑ ግን የሚከስ።
ወረቀት አደለን፤ አንድ ጥያቄ አለው፦
«መሪ ከመያዝህ በፊት ስንት ጠጣህ?» የሚለው።

ቢጁ ከኬረላ፣ የሲሚንቶ ሹፌር፣ «ሁለት» አለ፣ ፈጥኖ፤
ሮሜል ከማኒላ «ሁለት» አለ፣ አቀርቅሮ፣ አዝኖ፤
ኮሊን፣ እንግሊዙ፣ ሰዓቱ ደመወዜን የሚያህል፣
«ሁለት» ሲል ጣቱን ቀሰረ፣ ቢራ የሚያዝ ይመስል።
ሱዳናዊው ሐኪም እንኳ፣ ቁጥር የተማረው ሰው፣
«ሁለት» ብሎ ሳል አሳበበ፣ ውሃ ጎነጨ፣ ዋጠው።

ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት! ከየአገሩ ተነሥቶ
አንድ ቁጥር ባሕሬን ገባ፣ ቪዛውን አስመትቶ።
በዐረብኛ «ኢትነይን»፣ በእኔ ቋንቋ ሁለት፤
ጉሮሮ የማይዝ፣ ልስልስ ያለ ሐሰት።

ተራዬ ደረሰ። ምንይችል እባላለሁ፣ ንጋት ላይ ለሆቴል ዳቦ የማደርስ፤
«ሁለት» ብዬ ጻፍሁ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ መዳፌ ሳይርስ።

ጃሲም አልተቆጣም። ሰሌዳው ላይ በቀይ
ዐሥራ አራት «2» ደረደረ፣ እንደ ዳክዬ ባሕር ላይ።
«ማሻላህ!» አለ፣ «ሃያ ስምንት ብርጭቆ፣ ለዐሥራ አራት ሰው!
እታች ግቢ የተቆለለውን ብረት ታዲያ ማን ጠጥቶ ነው ያጠፈው?»
ሳቅን። ሳቁ አለቀ። ኤሲው አስነጠሰ።
ከውጭ የባሕሩ ወበቅ መስታወቱ ላይ ፈሰሰ።

መነጽር አመጣ፣ ሰው የሚያሰክር፣ ጠብታ ሳይቀመስ፤
ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፈ፦ «ያላ፣ ተራመድበት፣ ቀስ።»
ቢጁ ወንበር አቀፈ። ኮሊን ግድግዳውን ይቅርታ ጠየቀ።
እኔ ስረግጠው መስመሩ ከእግሬ ሥር ለሁለት ተሰነጠቀ።

ቢጫውን አውቀዋለሁ።

ሰደርያ ነበረች ያን ሌሊት፣
በባሕሩ ዳር መንገድ አንድ ጠራጊ የለበሳት።
ከሙሐረቅ ድልድይ ወርጄ፣ ሬድዮ ከፍቼ፣ ዳቦው ከኋላዬ ሞቆ፣
አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ታየኝ፣ መጥረጊያውን እንደ ጦር ሰብቆ።
በሁለቱ መሀል ላልፍ መሪውን አቀናሁ፤
ቋ! ሲል ነው አንድ መሆኑን የተረዳሁ።

እሱን አልነካሁትም። መጥረጊያውን ነው።
ግማሹ እንጨት እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹን ጎማዬ በላው።
አልጮኸም። አልሰደበኝም። እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ፤
«ከደመወዜ ይቆርጡታል» ብሎ፣ ፖሊስ እስኪመጣ አብሮኝ ቆየ።
ዳካ ይሁን ሲልሄት፣ አገሩን አልጠየቅሁም፤
ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ግን አልቻልሁም።

መነጽሩን አወለቅሁ። ወደ ወንበሬ ተመለስሁ፤
ከሮሜል ላጲስ ተዋስሁ፣ «ሁለት»ን ማጥፋት ጀመርሁ።
በእስክሪብቶ ነበር የጻፍሁት። ወረቀቱ ሳሳ፣ ጠየመ፣ ተቀደደ፤
የቁጥሩ ቦታ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኖ ሄደ።
ሌላ ወረቀት አልጠየቅሁም።

ጃሲም ሲሰበስብ የእኔን ወደ መስኮቱ አነሣው፤
በቀዳዳው አንድ ዐይኑ አየኝ። ምንም ሳይል ከሌሎቹ በላይ አኖረው።
«ኻላስ፣ ለማክሰኞ» አለ።

በአውቶቡስ ተመለስሁ፣ ቆሜ፣ የጣሪያውን ብረት ይዤ።
መሸት ሲል፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ፣ ጠራጊዎች ወጥተው ነበር፣
ቢጫ ለብሰው፣ ራቅ ራቅ ብለው፣ በመንገዱ ዳር።
አንድ፣ አልሁ በልቤ።
ደግሞ አንድ።