ባለ ሦስት ዓረፍተ ነገር

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አርባ ሰባት፣ ከደረጃው ሥር፣
ሁለት ቲቪ፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንዱ በፕላስተር የሚታሰር፤
የእኔ ናት ያቺ ቤት። አንድ ጨዋታ በአሥር ብር፤
ለተሸናፊ ዱቤ የለም፣ ለአሸናፊም ክብር።

ከግድግዳው ላይ ልጆቹ በፓርከር የጻፉት ሕግ አለ፤
«አክተር አይሞትም» ይላል። ሌላ እጅ ከሥሩ
«ጓደኛውስ?» ብሎ ጠየቀ፤ እስካሁን መልስ እንዳጣ ዋለ።

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤
የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ፣ በስሙኒ ገብቼ አግዳሚ ላይ አድጌያለሁ።
ጓደኛው የእጮኛውን ፎቶ ከደረት ኪሱ ካወጣ፣
«ይቺ ካለፈች አገሬ እገባለሁ» ካለ፣ በቃ፣ ጥይት መጣ።
ሌባው ቃታ መሳብ ሲችል ቆሞ ዕቅዱን ያወራል፤
ፖሊስ ሁሉ ነገር ካለቀ በሳይረን ይደርሳል፤
እናት አንዴ ካሳላት፣ ሁለተኛው ሲዲ ሳይገባ እዝን ይበላል።

እኛም ሰፈር ስንጫወት ዕጣ እንጥል ነበር ለአክተርነት፤
ለእኔ ሁልጊዜ የጓደኛው ይወጣል፦ አሳምሮ መሞት።
ሙያ ሆነልኝ። ደረቴን ይዤ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ፣
ኑዛዜዬን ጨርሼ፣ ቀስ ብዬ በጉልበቴ ወርጄ…
እናቴ የምታለቅሰው ለሱሪዬ ጉልበት ብቻ ነበር።

አሁን ልጆቹ የሚወዱት አንድ ጨዋታ አለ፤ ፈረስ፣ ጫካ፣ ድልድይ፤
ከድልድዩ አፍ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ ዝናብ የለው፣ ፀሐይ።
የተሰጠው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦
«ወንዙ ሞልቷል»፣ «ተኩላ አለ»፣ «መንገደኛ፣ ደኅና ግባ»፤ ይኸው ነው።
ፊራኦል ቁልፏን ጫን ያደርጋል፤
ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ይዘለላል።
ለምን አትሰማውም? አልኩት።
ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል፦ «ምን ያደርጋል ብሰማው?
ታሪክ የለውም፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ነው የተሠራው።»

የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ደቻሳም ሦስት አላቸው፤
«ውሃ ሌሊት ይመጣል»፣ «በሩን ዝጋው»፣ «ደኅና እደር» ናቸው።
አራት ዓመት አለፍኳቸው፣ አንገቴን ብቻ ነቅንቄ፣
አውራ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ደብቄ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ።
ልጆቹ «ወይኔ!» አሉ፤ ቦሱ ጋ ደርሰው ነበር፣
ሴቭ አላደረጉም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ጨለማው እስኪሰበር።
ከጎኔ ካፖርት ኮሽ አለ።
«እዚህ» አሉ ጋሽ ደቻሳ፣ «አንተ ቁጭ ያልክበት፣
ሽምብራ ነበር። እዚያ ማዶ፣ ትራንስፎርመሩ የቆመበት
ሲደርስ፣ በሬዬ ያለ ጅራፍ ይዞራል፤ ድንበሩን አውቆበት።»
አራተኛ ዓረፍተ ነገር። አምስተኛ። ስድስተኛ። ቆጠርኩ፤
አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያዝኩት፤ አፈርኩ።
«አንድ ሌሊት፣ ልክ እንዲህ ድቅድቅ ሲል፣ ልጄ ቶሌራ
ክምር ሊጠብቅ ወጥቶ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም…»

መብራት መጣ።
ብሎኩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤
«ና፣ ሒሳብ ያዝልን!» እያለ ፊራኦል ከውስጥ ተጣራ።

ጋሽ ደቻሳ አምፖሉን ቀና ብለው አዩት፤ ካፖርታቸውን ሰብስበው ተነሡ።
«ውሃ ሌሊት ይመጣል» አሉኝ። «በሩን ዝጋው።»

ገባሁ። ጨዋታው ከመጀመሪያው ጀምሯል፤
ሽማግሌው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል።
ፊራኦል አውራ ጣቱን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት።
«ቆይ፣ አትዝለለው።»
«ምን ሊል?»
«እንጃ።»

ወንዙ ሞልቷል፣ አለ።
ተኩላ አለ፣ አለ።
መንገደኛ፣ ደኅና ግባ።
ከዚያ ዝም። ከኋላው ወንዙ ብቻ ይንሿሿል፤
ልጆቹ ያዩኛል፤ ከውጭ የብሎኩ በር ሲንሿጠጥ ይሰማል።
አሥር ብር ከኪሴ አውጥቼ ከሳጥኑ ጨመርኩና
ቆሜ ጠበቅኩ።