ሠላሳ ኪሎ

ቪዛችን ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣
ኩርያን ካርታ ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ዘረጋው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙስካት ላይ ስንኖር፣
ከማትራሕ እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ቤት በር፣
ሌላ መንገድ አናውቅም ነበር።
"አገሩ የት ይሄዳል?" እያልን ስናሳድር፣
አገሩ ባለበት፣ ተራራውም ቆሞ፣
የእኛ መሄጃ ደረሰ ቀድሞ።

የጎረቤት መኪና ተዋስን፤ ዐርብ ነው፤
ኒዝዋ ገበያ ሰውና ፍየል ክብ ሠርቶ ሲዞር አየነው።
ጂጆ አንዲቱን ወዶ፣ ጆሮዋን አሻሽቶ፣
ገመዷን ጨበጠ ከባለቤቷ ተሻምቶ፤
በጎዳና ዐረብኛው "ስንት ናት?" ብሎ ጠየቀ።
ሽማግሌው ጢሙን ይዞ ሳቀ፤
"ወስደህ የት ልታስራት?"
ልጄ ቀና ብሎ አየኝ፤
ቤቱ ራሱ ሊለቀቅ ቀን ተቆርጦለት።

ዋዲ ሻብ የሄድን ዕለት ግን፣ ልንገራችሁ፣
ባሌን አየሁት። እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ?
ክራባት አስሮ የማውቀው፣ ማስመሪያ የያዘ፣
የሰው ሕንፃ ሲነድፍ ዓይኑ የፈዘዘ፣
ሸሚዙን አውልቆ፣ ከቋጥኝ ላይ ዘሎ፣
አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ጠለቀ፣ እንደ ልጅ ቀሎ።
የኬረላ ወንዝ ልጅ ነው፤ ጀልባ ላይ ያደገ፤
ዋናውን ዐሥራ አንድ ዓመት የት አባቱ ሸሸገ?
ከወዲያ ማዶ ብቅ ብሎ "አኒያማ!" ሲል፣
ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ ሁለቴ፤
እንደገና የታጨሁ መሰለኝ፣ በእናቴ።

ራስ አል-ጂንዝ ደግሞ በሌሊት ነው የሚታይ።
መሪው ቀይ ባትሪ ይዞ፣ እኛ በጨለማ ተከታይ።
ኤሊዋ አሸዋ ትምሳለች፤ ዓይኗ እንባ ያዘለ፤
"ጨው ነው፤ አታለቅስም" አለ።
"ከተፈለፈለችበት ዳር፣ ስንት ዓመት ቆይታ፣
ባሕር አቋርጣ ትመጣለች፣ ሌላውን ዳር ሁሉ ትታ።"
ሺንሲ የተወለደችው እዚሁ፣ ሙስካት ነው፤
ፓስፖርቷ ግን ሌላ ነው የሚለው።
ምንም አልጠየቀችኝም።
መዳፌ ላይ የተከለችው ጥፍር፣ ምልክቱ እስኪነጋ አልጠፋም።

ከዚያ ስንብቱ። ፍሪጁን ልብስ ሰፊው ራፊቁል ወሰደው፤
ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በደረጃ አወረደው።
የልጆቹ ሥዕል በማግኔት እንደተለጠፈ ሄደ፤
ላነሣው ብዬ ነበር፤ እጄ ከበደ።
ባለሱቁ ኻልፋን የዱቤ መዝገቡን ገለጠ፤
ሁለት ሪያል ከሦስት መቶ ይቀረናል፤ ስከፍል ፊቱ ተለወጠ።
"ተይው፤ ይቆይ። ዕዳ ያለበት ሰው ይመለሳል።"
ዕዳ የሚምር ደግ ነው ይላሉ፤
የማይምር ግን ይበልጣል።

ዙወይና ሐልዋ ይዛ መጣች በትልቅ ሳህን፤
አልቅሳ ስታበቃ፣ ለመሳቅ ሞከርን።
ልጇና ልጄ ጓዳ ገብተው፣ ተመሳጥረው፣
ነጠላ ጫማ ተለዋወጡ፣ አንዳንድ እግር ቀይረው፤
አሁን በሁለቱም አገር ላይ
አንዱ እግር ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቀይ።

ሌሊቱን ሻንጣ መዘንን። ሠላሳ ኪሎ ለአንድ ሰው።
ሐልዋው ይቀነስ? ድስቱ? ማስመሪያው? የቱን እንተወው?
የጂጆ ብቻ ሁለት ኪሎ አልፎ አስቸገረ፤
ስፈትሽ፣ ካልሲው ሁሉ በዋዲው ጠጠር ተወጥሮ ነበረ።
አላወጣሁትም። የራሴን ሁለት ቀሚስ ቀነስኩ።
ኩርያን አየኝ፤ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ታክሲው ጡሩምባ ሲነፋ፣ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ።
የአየር ማቀዝቀዣውን ሳጠፋው፣ ጸጥታው አስደነገጠኝ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያጉረመርም ኖሮ፣ ዝም ሲል ቤቱ፣
ለካ ባሕሩ ይሰማል፣
ከመስኮቱ።