ጉቶ ቆጠራ

የሸቤው ሚኒባስ ከጫካው አፍ ጥሎኝ፣
«መልሱን ስትመለስ» ሲል ረዳቱ ሸንግሎኝ፣
ቆምኩኝ ከአጥሩ በር፣ ካፊያው አባብሎኝ።

አንድ ሰው መጣልኝ፣ ቡትስ ያደረገ፣
ከቲኬቴ በፊት ዓይኔን የፈለገ።
«ነዚፍ አባ ጊሳ እባላለሁ» አለ፣
ከግራ መዳፉ ሁለት ጣት የጎደለ።

«መንገዱ ሦስት ነው። አጭሩ ለቸኮለ፣
ረጅሙ ጉሬዛ አይቼ ልሙት ላለ፣
መሃለኛው ደግሞ…» ዝም አለ ቆመና፣
«እሱን የጠየቀኝ አልመጣም ገና።»

ጠየቅኩት።
ሳይመልስ መራኝ፣ ዱላውን አነሳና።

ታፔላው ይለናል፣ ቀለሙ ተልጦ፣
«ዛፍ ቁረጡ»፤ «አት»ን ዝናብ አጥቦ ውጦ።
«በጋ እጽፈዋለሁ፣ ክረምት ይልሰዋል፤
አልሐምዱሊላህ፣ መጋዝ ያለው ሰው መቼ ያነበዋል?»

ጫካ ውስጥ ይመሻል ገና በማለዳ፤
ሰማዩ ቢያባራም ዛፉ አለበት ዕዳ፤
ቅጠል ለታች ቅጠል ያወርሳል ጠብታ፣
ጥዋት የጣለውን ሲቆጥብ ለማታ።

«ስማ!» አለኝ። ሰማሁ፤ ክንፍ እንደ ወናፍ፣
ሳይታይ አለፈ መንቁረ ግዙፍ ወፍ።

ጉሬዛዎቹ ግን፣ ነጭ ካባ ለብሰው፣
ዳኝነት እንዳለው እንደ ሸንጎ ሰው፣
ቁልቁል ገረመሙን ጭራቸውን ጥለው፤
አንደኛው ሸናብን። ፍርዱ ይኸው ነው።

«ይግባኝ የለም» አለኝ፣ ቆቡን እያራገፈ።
ከዚያ ሲሄድ ሲሄድ እርምጃው ሰነፈ፤
ቦይ አለ ከፊታችን፣ ሣር የሰወረው፣
ጎርፍ ሳይሆን የሰው እጅ የቦረቦረው።

«ኬላ ነበር ይላሉ፣ የነገሥታት ወሰን፤
በዚህ በኩል ጅማ፣ በዚያ ጌራ ሆነን፤
ማሩም ሆነ ዝባዱ በአጋሰስ ተጭኖ፣
ባለቤቱ አያልፍም ያለ ቀረጥ ለምኖ…»

ድኩላ ብቅ አለች፣ ጆሮዋን አቁማ፣
ዘለለች ከጌራ፣ አረፈች ከጅማ።

ማንም አልጠየቃት።

ከዚያ መንገዱ አለቀ፣ ሰፊ ጉቶ ዘግቶት፣
የዛፍ ሽበት በቅሎበት፣ ጉንዳን ከተማ ሠርቶበት።
«ዋንዛ ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ ድምፁ ሳይሰበር፣
«የጎረምሳ ጉልበት፣ ጥሩ መጋዝ ነበር፤
ሲወድቅ ሁለት ጣቴን ይዞ ገባ አፈር።

ግንዱ ጅማ ወረደ፣ ሄርማታ ተሸጠ፣
ለበርጩማ ጠራቢ፣ በብር ተለወጠ።
ሰውየውን አላውቀውም…»

                              ምን ልበለው?

አባቴ ሄርማታ በርጩማ ጠራቢ፣
በሦስት እግር አቁሞ ስድስት ልጅ መጋቢ፤
ደብተርና ጫማ፣ ሲያመኝም የዋጥሁት፣
ከዋንዛ ገላ ነው ሁሉንም ያገኘሁት።
ይኸው ግንድ ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል? አልኩና፣
አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤ ልቤ ግን አልጸና።

ጎንበስ ብዬ ክቦቹን በጥፍሬ ቆጠርኩ፤
አርባ… ሰባ… መቶ… ምስጡ ጋ ስደርስ ጠፋኝ፣ ዳግም ጀመርኩ።
ነዚፍም ከወዲያ በቀረው ጣት ቆጠረ፤
ቁጥራችን አልገጠመም።
                              ዝናቡ ጀመረ።

«ጎብኚ ሊያርፍበት ሲል ‹ተነሥ› እለዋለሁ፤
አንተ ግን ቁጭ በል፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

ከፊቴ ምን እንዳየ እንጃ።
ቁጭ አልኩ።
ቀዝቃዛ ነው፣ ሻካራ። እንደ አባቴ በርጩማ አይመችም።
ቢሆንም ቶሎ አልተነሣሁም።

ማታ ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት መጣና፣
«መልስህ» አለኝ፣ ዐሥር ብር እጄ ላይ ጣለና።
ተቀበልኩ። ሱሪዬ እንደራሰ ነበር፣
በጉቶው ልክ፣ በክቡ፣
እስከ ጅማ ድረስ፣ እስከ ቤቴ በር።