አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ

ደላላው ሲሳይነህ ሜትሩን ዘርግቶ፣
ከጥግ እስከ ጥግ ለካው፣ ከነጫማው ገብቶ።
«ጋሼ» አለኝ፣ «ካልተቀየሙኝ እውነቱን ልንገርዎት፣
አርጅቷል ቤትዎት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ያረምኩ ሰው ነኝ፣
ቃሉን ልሰርዘው ቀይ እስክሪብቶ አማረኝ።
«የተኖረበት» በል ልለው ነበረ፣
እሱ ግን በጣቱ መቀነስ ጀመረ፤

ሊፍት የለው፣ ሁለት መቶ ሺህ።
የመታጠቢያው ቧንቧ ያለቅሳል፣ ሃምሳ ከዚህ።
ወለሉ ሊሾ ነው፣ ሴራሚክ ያልነካው፣
በረንዳው ለልብስ እንጂ ለሰው የማይበቃው።

እኔ በሆዴ እደምራለሁ።
ዘጠኝ ተኩል ላይ አልጋዬ እግር ድረስ የሚዘረጋው ፀሐይ፣
እሱስ በካሬ ስንት ይሆን?
እትዬ ዘርፌሽዋል ከሥር ጣሪያዋን በዘነዘና ስትመታ
«ሬዲዮህን ቀንስ» ነው፤
ሁለቴ ከደገመች ግን «አለህ ወይ?» ነው፣ የማለዳ ሰላምታ።
ይኼ የት ተጽፎ ይሸጣል?

ዕጣው የወጣ ዕለት ጋዜጣው ላይ ስሜን በጣቴ ስፈልግ
አገኘሁት፣ በሌላው ሐ።
ኃይለመለኮት «ሐይለመለኮት» ተብሎ፣
የእኔ የአራሚው ስም፣ ተሳስቶ ታትሞ ውሎ!
ሦስት ሳምንት ቀበሌ ተመላለስኩ፣ «እሱ ማለት እኔ ነኝ» እያልኩ፣
ካርታውም እንዲያው ወጣ፤ ከነስህተቱ ተቀበልኩ።

ድሮ ግጥም ይዘው የሚመጡ ልጆች ነበሩ፣
«ይኼ ስንኝ ቤት አይመታም» ስላቸው የሚያኮርፉ።
ዛሬ ተራው የኔ ሆነና
በዋጋውና በልቤ መሀል
ቤት የሚመታ ቃል አጣሁ።

ቢሆንም ደረጃው ሰባ ሁለት ነው።
ጉልበቴ አርባኛው ላይ ቁጭ ይላል፣ የገዛሁትን ዳቦ ይዞ።
ቱሉ ዲምቱ ምድር ላይ ያለች ቤት አይቻለሁ፣
በሯ አፈር ላይ የሚከፈት።
«ስድስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ» አልኩት። ጻፈ።

መጀመሪያ የመጣው ነጋዴ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርደው፣
«ይኼን ግድግዳ ብንንደው?»
ቀጥሎ ሁለት እጮኛሞች፤ እሷ ኩሽናው ውስጥ ልትዞር ሞክራ፣
እሱን አየችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።
ወረዱ። ደረጃው ብቻ አወራ።

ሦስተኛዋ አያልነሽ ነች፤ ጥቁር አንበሳ ነርስ፣ ከአዳር የወጣች፣
መስኮት አልከፈተች፣ ወለል አላየች፣
«ውሃ በስንት ቀን ነው?» አለች።
ሲሳይነህ እግሬን ረገጠኝ።
ምን ላድርግ፣ ስህተት አይቼ ማለፍ አልተማርኩም፤
«ረቡዕና እሑድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ያውም ከመጣ።
ቧንቧው ሲያፏጭ አትነሺ፣ አየር ነው፤
ሲያስነጥስ ግን ሩጪ።»
ሳቀች። «ተረኛ ባልሆንም» አለች፣
«በዚያ ሰዓት ዓይኔ ፈጦ ነው የሚያገኘኝ።»

ዕቁቧ፣ ቁጠባዋ፣ ከወንድሟ የተበደረችው፣
ሁሉ ተደምሮ አምስት ሚሊዮን ከስምንት መቶ ነው።
ደላላው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ኮሚሽኑ ሲሸሽ ታየው፤
እኔ በርሜሎቹን አየሁ፣
«ሁለቱም ያንቺ ናቸው» አልኳት፣ ሳላስበው።
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።
ምናልባት ዘነዘናው ሁለቴ ሲመታ
ነቅቶ የሚመልስ ሰው እንዲኖር ብዬ ይሆናል።

ሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ስንጠብቅ ዋልን።
ጸሐፊዋ ከካርታው ገልብጣ ውሉን ዘረጋችልኝ፦
ሻጭ፣ አቶ ሐይለመለኮት።
እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፣
ቀዩ እስክሪብቶ ነበረበት።
ተውኩት።
በዚችው ፊደል ገብቼ ነበር፣
በዚችው ልውጣበት።