የሩፊኖ ልክ

ነፋሱ የጋራዤን ቆርቆሮ እየደበደበ
አንድ ሰው ሞተር እየገፋ ወደ በሩ ቀረበ።
ሩፊኖ ነው፣ በግ ሸላቹ፣ የፓታጎንያ ሜዳ ልጅ፣
ቁመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን፣ ትከሻው የግቢ ደጅ።
«በሎተሪ ደረሰችኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ለትምህርት ቤቱ ጣራ ብዬ ቆርጬ፣ ዕጣዬ ከሰው ተለየ።»

ሰማንያ ሲሲ። የልጅ ሞተር። ቀይ፣ ቀለሟ ገና ያልተጫረ፤
ከጎኑ ስትቆም ጥጃውን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው መሰለ።

«እስቲ ውጣባት» አልኩት። ወጣ።
ጉልበቱ ከጆሮው ገጥሞ፣ ፌንጣ ሆኖ ቁጭ አለ፤
የኋላው ሞላ ቃተተና ጎማው ከጭቃ መከላከያው ተሳለ።
ረዳቴ ኔሜስዮ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል
ሩፊኖ ቀድሞን ስቋል።
ያን ሳቅ ዐውቀዋለሁ፤
ሰው ሳይስቅብህ የምትስቀው፣
እንደ ጋሻ የምትመክትበት።

የኔ ሜትር ከተሰበረ ቆይቷል።
የልብስ ሰፊዋን፣ የሚስቴን የኤርሲልያን ሜትር ሰረቅሁ፤
ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ለካሁ።
ክንዱን ሲዘረጋ ሜትሩ አለቀ፤
ጫፉን በአውራ ጣቴ ይዤ ከዚያ ቀጠልኩ።
እሱ እንደ ሙሽራ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ዝም።
ቆይቶ፣ «ልክህን እወቅ ሲሉኝ ነው ያደግሁት» አለ፣
«ለክቶኝ የሚያውቅ ግን የለም።»

የሸላቾች አልጋ እግሩን ወደ ውጭ ይተፋዋል፤
የመጠለያው ጉበን ግንባሩን በስሙ ይጠራዋል።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
ቶርኖ ላይ አልሙኒየም አዙሬ መሪውን አራት ጣት አነሳሁ፤
መርገጫዎቹን ቆርጬ ዝቅ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጌ በየድኩ፤
አንደኛው ጠመመ፤ እናቱን ረግሜ እንደገና ቆረጥኩ።
የማርሹን እግር አስረዘምኩ፣ ለአርባ ስምንት ቁጥር ጫማ፤
ከአንድ የወደቀ ከባድ ሞተር ሞላዎቹን ነቀልኩ፣
ፊትም ኋላም ቀየርኩ።
ኮርቻውን ኤርሲልያ ቀማችኝ፦ «ይሄ ልብስ ነው፣ ለኔ ተወው»፤
ፎም በፎም ላይ ደርባ በበግ ቆዳ ሰፋችው።
«ሞተሩንስ ማን ያሳድግለት?» አለ ኔሜስዮ።
የኋላውን ጥርስ አበዛሁለት።
ዳገት ላይ አታለቅስም፤ ሜዳ ላይ ግን አትበርም፤
ሁለቱን አንድ ላይ የሰጠኝ ብረት እስካሁን አላየሁም።

በአራተኛው ቀን ወጣባት።
ጉልበቱ ቦታ አገኘ፣ ክርኑም ቦታ አገኘ።
እንደ ልማዱ ጎንበስ የሚልበትን ፈለገ፤
አጣ።
ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ረጅም ጊዜ።
ኔሜስዮ ኪያቬ እየወለወለ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

ከዚያ ረገጣት። መርገጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ
ነፋሱን በደረቱ እየገፋ ሄደ።
ግማሹን ሂሳብ ከፍሏል፤ ቀሪው ለመጪው ሽለታ።

ማታ ኤርሲልያ ሜትሯን ስትጠቀልል
ከመጨረሻው ቁጥር አልፎ፣ የቆርቆሮው ጫፍ ላይ፣
የግራሶ አሻራ አየች።
እስከ ዛሬ አላጠበችውም።
ቀሚስ የሚያሰፉ ሴቶች «ይሄ የማን ልክ ነው?» ሲሏት
መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች
በአገጯ ወደ መንገዱ ታሳያቸዋለች።